ባለ ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ፦ ከገንዳው ዝግጅት እስከ ጫጩቶቹ እድገት

ባለ ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኮሪዶራስ ፓሌያተስ፣ ርዝመቱ ከ7 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ የደቡብ አሜሪካ አምባዛ ነው። ተፈጥሯዊ መኖሪያው የፓራና ወንዝ የታችኛው ክፍል፣ የኡራጓይ ወንዝ፣ እንዲሁም በኡራጓይና በደቡብ ብራዚል በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊዮናርድ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ገልጾ ስም ሰጠው። በዚያው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በመስታወት ገንዳ መራባት ስለጀመረ፣ ዛሬ በዓሣ መሸጫዎች የሚገኘው አብዛኛው ከወንዝ የተጠመደ ሳይሆን ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ የምድብ ክለሳ ስሙ ሆፕሊሶማ ፓሌያተም ቢባልም ሻጮች አሁንም በቀድሞው ስም ስለሚጠሩት ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

በእያንዳንዱ ጎኑ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተደራረቡ ሁለት ረድፍ የአጥንት ሰሌዳዎች አሉት፤ ጥሩር ለበስ አምባዛ የሚያሰኘውም ይህ ነው። በጀርባውና በደረቱ ክንፎች ፊት ለፊት ጠንካራ እሾህ አለ፤ ዓሣው ሲደነግጥ ይህን እሾህ ገትሮ ስለሚቆልፈው ሊውጠው የሞከረ ትልቅ ዓሣ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል።

ብዙ ሰው ይህን ዓሣ የሚገዛው የገንዳውን ወለል እንዲያጸዳለት ነው። በእኔ ግምት አብዛኛው ጉዳት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም ለጽዳት የተገዛ ዓሣ የራሱ ምግብ አይቀርብለትም፣ ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፣ ከስለታም ጠጠር ላይ እንዲኖር ይደረጋል፣ በዚህም ላይ ከሞቃታማ አካባቢ ዓሦች ጋር በ27 ወይም በ28 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ይህ ዓሣ ግን ክረምቱ ከሚቀዘቅዝ አገር የመጣ የቀዝቃዛ ውኃ ወዳጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ እውነታ ላይ የቆሙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ገንዳውን መምረጥ

ኮሪዶራስ በወለል ላይ የሚኖር በመሆኑ ከገንዳው ቁመት ይልቅ የወለሉ ስፋት ይበልጥ ይገደዋል። ለስድስት ዓሣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገንዳ ያስፈልጋል፤ አቅም ካለ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና 100 ሊትር ገደማ የሚይዘው በጣም የተሻለ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ወለሉ ጠባብ የሆነ ገንዳ ለዓይን ቢያምርም ለዚህ ዓሣ አይሆንም፤ ዓሣው አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ላይ ስለሚወጣ መንገዱ በረዘመ መጠን ድካሙ ይጨምራል።

አየር መሳቡ ለብቻው ሊብራራ ይገባዋል። ኮሪዶራስ በውኃ ውስጥ ከሚተነፍሰው በተጨማሪ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ይውጥና ኦክስጅኑን በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ይወስዳል። ስለዚህ በውኃውና በክዳኑ መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው፣ ክዳኑም ዘልሎ እንዳይወጣ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። በቀን ጥቂት ጊዜ ወደ ላይ መወርወሩ ጤናማ ነው፤ ሁሉም ዓሦች ሳያቋርጡ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ውኃው ኦክስጅን አጥሮታል ወይም ተበክሏል ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው፣ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል እንደሚያንስ አውቆ የአየር ፓምፑን ሌሊትና ቀን ሳያጠፋ ማስሠራት ይኖርበታል።

ደረጃ 2፦ አሸዋው

ዓሣው ምግቡን የሚፈልገው በአፉ ዙሪያ ባሉት ጢሞች አሸዋውን እየዳሰሰ ነው፤ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ቀብሮ አሸዋ ይዝቅና ምግቡን ካስቀረ በኋላ ደቃቁን በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባሉት የመተንፈሻ ክዳኖች በኩል ያፈሰዋል። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ከሁለቱ ጉንጮቹ ቀጭን የአሸዋ ጅረት ሲወርድ ይመለከታል። ጠጠር ላይ የሚኖር ኮሪዶራስ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በተለይ የጠጠሩ ጠርዝ ስለታም ሆኖ በመካከሉ የምግብ ትራፊ ሲበሰብስ ጢሞቹ እየቆሰሉና እያጠሩ ሄደው በመጨረሻ ከሥራቸው ይጠፋሉ።

የሚፈለገው ደቃቅና ክብ ፍሬ ያለው የወንዝ አሸዋ ሲሆን ጥልቀቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለግንባታ ተብሎ ከድንጋይ የተፈጨ አሸዋ ጠርዙ ስለሚቧጭር አይመረጥም። በጣት መካከል አሽቶ መሞከር ይቻላል፤ ቆዳን የሚቧጭር ከሆነ ጢሙንም ይቧጭራል። አሸዋው ኖራነት ያለው መሆኑን ለማወቅ ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፤ አረፋ ከፈላበት ውኃውን ያጠነክራል (የኖራ ማዕድን ያበዛበታል)፤ ስለዚህ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ከዚያም በባልዲ ውስጥ እየቀሰቀሱ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም።

ከአሸዋው ላይ የተወሰነው ቦታ ክፍት ሆኖ፣ በሌላው በኩል መሸሸጊያ የሚሆን እንጨት፣ ለስላሳ ድንጋይና ተክል ይቀመጥ። ከባድ ድንጋይ አሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ማረፍ አለበት፤ ዓሦቹ ከሥሩ አሸዋ እየዛቁ ሊያንሸራትቱት ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ውኃውንና ማጣሪያውን ማዘጋጀት

ገንዳ ውኃ በተሞላበት ዕለት ዓሣ አይገባበትም። የዓሣ ሽንትና የምግብ ትራፊ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው እየሠራ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበትና ውኃው በመመርመሪያ ኪት ይለካል። አሞኒያና ናይትራይት መጀመሪያ ከፍ ብለው በኋላ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬትም መታየት ሲጀምር ገንዳው ደርሷል። ጤናማ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለ፣ ከእሱ ማጣሪያ ቁራጭ ስፖንጅ ተቀብሎ በራስ ማጣሪያ ውስጥ ማስገባት ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ለዚህ ዓሣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከሁሉም ይመረጣል፤ ርካሽ ነው፣ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ጫጩት አይስብም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በማስወገጃ ፈሳሽ መታከም አለበት። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውኃ በክፍት ባልዲ አድሮ አየር ከተነፋበት ሊለቀው ይችላል፤ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣምና እዚያ የሚኖር ሰው ያለ ማስወገጃው ውኃ መቀየር የለበትም።

የሙቀቱ ልክ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ለዕለት ኑሮ ከ20 እስከ 22 ድረስ ያለው በጣም ይስማማዋል። ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 መካከል ቢሆን መልካም ነው። በደጋ ከተሞች ቤት ውስጥ ያለ ውኃ ብዙውን ጊዜ ያለ ማሞቂያ ከዚህ ልክ ውስጥ ይገኛል፤ ሌሊት ከ18 በታች የሚወርድ ከሆነ ብቻ ማሞቂያውን 20 ላይ ማድረግ በቂ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በበጋ የአየር ማቀዝቀዣ በማይሠራበት ክፍል ይህን ዓሣ ለመያዝ መሞከር አይገባም። ትንሽ ማራገቢያ በውኃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ ማድረግ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

ደረጃ 4፦ መግዛትና ማላመድ

በመሸጫው ፊት ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ብዙ ያስተርፋል። ጤናማው ዓሣ ጢሞቹ ሙሉ ናቸው፣ ሆዱ ወደ ውስጥ አልገባም፣ የጀርባ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አሸዋ ወይም ወለል እየዳሰሰ ይንቀሳቀሳል። በሆዱ ሥር ቀይ ምልክት ያለበትን፣ በአንድ ጥግ ክንፉን አጣጥፎ በፍጥነት የሚተነፍሰውን መተው ነው፤ አዝኖ መግዛት ለቀሩትም በሽታ ማምጣት ይሆናል። ከስድስት ያነሰ አይገዛ። ብቻውን የቀረ ኮሪዶራስ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውላል፤ በመንጋ ሲሆን ግን ተከታትሎ ይበላል፣ ተደጋግፎ ያርፋል። አልፎ አልፎ ዓይኑን ወደ ታች አሽከርክሮ ሲመልስ ሰው የሚጠቅስ ይመስላል፤ ልጆች ከዚህ በላይ የሚወዱለት ነገር የለም።

ፕላስቲኩ ሳይፈታ ለ20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ውኃ ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ዓሦቹ በንጹሕ ባልዲ ተደርገው ለአንድ ሰዓት ያህል በየጥቂት ደቂቃው አንድ ኩባያ የገንዳው ውኃ ይጨመርላቸው። ከመሸጫው የመጣው ውኃ ወደ ገንዳው አይገለበጥም። ዓሦቹን ለማሸጋገር መረብ ከመጠቀም ይልቅ በፕላስቲክ ኩባያ መጨለፍ ይሻላል፤ የተቆለፈው እሾህ መረቡ ውስጥ ሲጠላለፍ ለማላቀቅ የሚደረገው ትግል ዓሣውንም የሰውንም ጣት ይጎዳል። ሌላ ዓሣ ያለበት ገንዳ ከሆነ አዲሶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻቸው ይቆዩ።

አብረውት ለመኖር የሚስማሙት ቀዝቃዛ ውኃ የሚችሉ ትንንሽ ዓሦች፣ ለምሳሌ ዚብራ ዳኒዮ ናቸው። ወርቃማ ዓሣ የሙቀት ልኩ ቢቀራረብም ሲያድግ ኮሪዶራስን ለመዋጥ ስለሚሞክርና እሾሁ ጉሮሮው ላይ ስለሚሰነቀር ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ምግብና ሳምንታዊ እንክብካቤ

ዋናው ምግቡ የሚሰምጥ እንክብል ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የቀዘቀዘ ቀይ የትንኝ እጭ፣ አርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ወይም ተቆራርጦ የታጠበ የምድር ትል ይታከልለት፤ የምድር ትሉ ፀረ ተባይ ካልነካው መሬት የወጣ መሆን አለበት። የላይኛው ዓሣ ምግቡን እየቀደመ የሚወስድበት ከሆነ ማታ የገንዳው መብራት ከጠፋ በኋላ መመገብ ነው፤ ኮሪዶራስ በጨለማ በጢሙ ያገኘዋል። ጠዋት ላይ የቀረ ምግብ ከታየ መጠኑ በዝቷልና ትራፊው በጎማ ተስቦ ይውጣ።

በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ወይም ሲሦውን መቀየር፣ የአሸዋውን ገጽ በጣት ወይም በቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ መቀስቀስ ያስፈልጋል። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በወጣው ውኃ ውስጥ ይጨመቃል እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ክሎሪኑ በሳምንታት የተገነባውን ባክቴሪያ ይገድላል። ጢም ሲያጥር ወይም ሆድ ሲቀላ አስቀድሞ የሚፈተሸው የወለሉ ንጽሕናና የውኃው ልክ ነው። በተደጋጋሚ ውኃ ቀይሮ ለውጥ ሳይታይ ወደ መድኃኒት መሮጥ አይገባም፤ በተለይ መዳብ ያለበት መድኃኒት ለኮሪዶራስ አደገኛ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ማጣሪያው በሚቆምበት ጊዜ ዓሦቹ አይመገቡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ በየሰዓቱ በጆግ ውኃ እየጨለፉ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። መቋረጡ ለብዙ ሰዓት ከቆየ፣ ስፖንጁ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ወጥቶ በገንዳ ውኃ ይለቅለቅ፤ በውስጡ የሞተው ባክቴሪያ መርዙን መልሶ ወደ ገንዳው ሊረጭ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ዝናብ አስመስሎ ማራባት

ይህ ዓሣ ለጀማሪ ከሚራቡት አምባዞች ቀላሉ ነው፤ ወቅቱን እንዲሳሳት ማድረግ ብቻ ይበቃል። ከላይ ሲታዩ ሴቶቹ በሆዳቸው ሰፋ ያሉና ትልልቆች ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ቀጠን ብለው የጀርባ ክንፋቸው ረዘምና ሾል ያለ ነው። ለአንዲት ሴት ሁለት ወንድ ቢሆን ጥሩ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል የትል ምግብ በብዛት ይሰጣቸው፤ ሴቷ በዚህ ጊዜ በሚታይ ሁኔታ ትወፍራለች። ከዚያ ከውኃው ሲሦው እስከ ግማሹ ወጥቶ ከገንዳው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ንጹሕ ውኃ ይተካ፤ አየሩም ይጨመር። በተፈጥሮ የዝናብ ውኃ ወንዙን ሲያቀዘቅዘውና ሲያበዛው የሚሆነውን ማስመሰላችን ነው። በመጀመሪያው ቀን ካልተሳካ ለተከታታይ ቀናት መድገም ነው። ደመናማና ዝናባማ ቀን መምረጥም ይጠቅማል፤ ብዙ አርቢዎች ዓሦቹ የአየር ግፊት ሲቀንስ እንደሚነሣሡ ይናገራሉ።

ወንዶቹ ሴቷን እየተከተሉ በጢማቸው ጀርባዋንና ራሷን መዳሰስ ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል። ቀጥሎ አንዱ ወንድ በጎኑ ዘንበል ብሎ ይቆምና ሴቷ አፏን ከሆዱ ሥር ታስጠጋለች፤ ሁለቱ በዚህ ሁኔታ ለጥቂት ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በዘመዱ በነሐስማው ኮሪዶራስ ላይ ባደረጉት ጥናት ሴቷ የወንዱን ዘር በአፏ ጠጥታ በፍጥነት በአንጀቷ በኩል እንደምታሳልፈውና እንቁላሎቹ ላይ እንደምታፈሰው አሳይተዋል። በዚያው ቅጽበት የሆድ ክንፎቿን እንደ ኪስ አጥፋ ጥቂት እንቁላል ትይዛለች፤ ከዚያም መስታወቱን ወይም ቅጠሉን በአፏ አጽድታ ትለጥፋቸዋለች። ይህ ለሰዓታት እየተደጋገመ ከመቶ በላይ እንቁላል ሊደርስ ይችላል።

ማራባቱ እንዳበቃ ወላጆቹ እንቁላሉን መብላት ይጀምራሉና ወይ እነሱ ወይ እንቁላሎቹ መነሣት አለባቸው። አንድ ሁለት ሰዓት ከቆየ የእንቁላሉ ቆዳ ይጠነክራል፤ ያኔ በጣት ጫፍ በቀስታ ከመስታወቱ ላይ እያንከባለሉ መልቀም ይቻላል። ከ5 እስከ 10 ሊትር በሚይዝ ዕቃ፣ ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጡ፤ አየር ቀስ ብሎ ይነፋላቸው። ፈንገስን ለመከላከል ውኃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ይጨመራል። ጤናማው እንቁላል ቀን በቀን ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ነጭ ሆኖ ጥጥ ያበቀለው ግን ለጎረቤቱ ሳያጋባ በየቀኑ ይለቀም።

ደረጃ 7፦ ጫጩቶቹን ማሳደግ

በ22 ዲግሪ አካባቢ እንቁላሉ ከ4 እስከ 6 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የሚኖረው በሆዱ ባለው አስኳል ስለሆነ ምግብ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ መመገብ ውኃውን ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም። ሜቲሊን ብሉውም በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ ውኃ በመቀየር ይወገድ።

አስኳሉ ሲያልቅ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ወይም ማይክሮዎርም የተባለ ደቃቅ ትል ይቀርባል። አርቴሚያውን ለመፈልፈል በአንድ ሊትር ውኃ ከ25 እስከ 30 ግራም አዮዲን የሌለበት ጨው ይሟሟል፤ የአርቴሚያው እንቁላል ተጨምሮበት፣ ከሥሩ ብርቱ አየር እየተነፋ፣ መብራት እየበራለት በ26 ወይም በ28 ዲግሪ ሙቀት ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ይቆያል። አየሩ ሲዘጋ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ ሕያዋን ደግሞ ከታች ይሰበሰባሉ፤ እነሱ በቀጭን ቱቦ ተስበው በደቃቅ ጨርቅ ተጣርተው ከጨዋማው ውኃ ከታጠቡ በኋላ ይሰጣሉ። የጫጩቱ ሆድ ብርቱካናማ መስሎ ከታየ በልቷል።

በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በጥቂቱ መመገብና በየቀኑ ከውኃው አንድ አሥረኛውን እስከ አንድ አምስተኛውን ያህል በእኩል ሙቀት ውኃ መተካት ግዴታ ነው። ብዙ ጫጩት የሚያልቀው በረሃብ ሳይሆን በዕቃው ወለል ላይ በሚበሰብስ ትራፊ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ባዶ ቢሆን ወይም እጅግ ስስ አሸዋ ቢኖረው ለማጽዳት ያመቻል። በአንድ ወር ገደማ 1 ሴንቲ ሜትር አልፈው ጥሩራቸው መታየት ይጀምራል፤ የደቀቀ እንክብልም ይበላሉ። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሰፊ ገንዳ ሊዛወሩ ይችላሉ።

የተረፉት ለሌላ አርቢ የሚሰጡ ከሆነ በአንድ ፕላስቲክ ብዙ ዓሣ ማጨቅ አይገባም፤ የደነገጠ ኮሪዶራስ የጠባቡን ፕላስቲክ ውኃ የሚመርዝ ፈሳሽ ሊያመነጭ ይችላል። ከመጓጓዛቸው አንድ ቀን በፊት ምግብ ይቁም፤ እሾሁ እንዳይበሳው ፕላስቲኩ ድርብ ይሁን፤ ከውኃው ይልቅ አየሩ ይብዛ። ተቀባይ ቢጠፋ እንኳን ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይለቀቁ። ትልልቆቹ የደቡብ አሜሪካ ጥሩር ለበስ አምባዞች፣ ከሰው ገንዳና ከእርባታ ቦታ ወጥተው በፍሎሪዳ፣ በሜክሲኮና በፊሊፒንስ ውኃዎች ተባዝተዋል፤ ዳርቻውን እየቆፈሩ አፈሩን ይንዳሉ፣ የአጥማጆችንም መረብ ይቀዳድዳሉ። በሌላ የምድር ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉት ጣና ሐይቅ የዚህ ዓይነት እንግዳ ሊገባበት አይገባም፤ ተቀባይ ከጠፋ ወንዱንና ሴቷን በተለያየ ገንዳ ማኖር ወይም እንቁላሎቹን ሳይፈለፈሉ ማስወገድ ይቻላል።